አለኝታ ማን ናት?

ካዛንቺስ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጁባ ላይ የሰው መኪና እየጠገነ የራሱን ቤት ለእኔ ለሚያስጠግነው፣ ለእህቴ ልጅ ለአጥናፉ፤

ከሰላምታው በፊት ስሞታ አለኝ። ይህ የእናትህ ሶፋ ሊገድለኝ ነው። «ጋሼ፣ ቤቱ ባዶ እንዳይሆን ገብተው ይጠብቁልኝ» ስትለኝ የሶፋው ሞላ ፈንጥሮ እንደወጣ አልነገርከኝም። በግራ ስተኛ ጎኔን ይወጋኛል፣ በቀኝ ስተኛ ለሐኪም እንኳ የማላሳየውን ቦታ። አልጋው ላይ እንዳልተኛ የባልና ሚስት አልጋ ነው፣ አፍራለሁ። ሚስትህ ይህን ሶፋ ካልጣልኩ ያለች ጊዜ ልክ ነበረች፤ ጎኔ ይመሰክርላታል።

ስሞታዬ አለቀ። አሁን የምሥራች፦ የቤቱ ካርታ ወጥቷል! ያንተና የሚስትህ ስም ጎን ለጎን ሰፍሮበታል። እፎይ በል። እኔስ ትናንት ብዬ ጨርሻለሁ።

በስልክ ያልነገርኩህ «እሺ ጋሼ፣ በአጭሩ» እያልክ ስለምታቋርጠኝ ነው። ይህን ነገር ደግሞ በአጭሩ ማውራት አልፈልግም። ደብዳቤውንና የካርታውን ኮፒ ወደ እናንተ የሚነሳ ሾፌር ይዞልህ ይመጣል።

ውክልናህ እንደደረሰኝ ቢሾፍቱ፣ ተቀይማ የገባችበት ወንድሟ ቤት ድረስ ሄጄ ሚስትህን ይዣት መጣሁ። «ጋሼ፣ ለፊርማ ብቻ ነው የምመጣው» አለችኝ፤ ሻንጣም አልያዘች። ቀልድ ስወረውር እንደ እንግዳ ፈገግ ትላለች። ያቺ ስትስቅ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የምትሰማው ሴት!

ይዞታ ቢሮ ተራችን ደረሰ። መስኮቷ ጋ ያለችው ልጅ ወረቀቶቻችንን ስታገላብጥ ቆየችና በጣቷ ጠራችኝ።

«አባት፣ እስቲ ጠጋ ይበሉ» አለች ድምጿን ቀንሳ። «ውክልናው ላይ ስሟ በካርታው ይግባላት የተባለችው አለኝታ ማን ናት?»

«ሚስቱ ናታ።»

«በጋብቻ ወረቀቱ ሚስቱ ቢሊሴ ናቸው። መታወቂያቸውም ቢሊሴ ነው የሚለው።» አሁንም ድምጿን ቀነሰች። «ሰውዬው… ሌላ ሴት አለችው እንዴ?»

የሠራኸውን አየህ? እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሠርጋችሁ ማግስት እንደ ወጉ ለሙሽራዋ ስም አወጣችላት፤ አለኝታ አለቻት። ይኸው ዘጠኝ ዓመት፣ ከኡራኤል ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈራችን ቢሊሴ ብሎ የሚጠራት የለም። አንተም ኤምባሲ ድረስ ሄደህ ማኅተም በሚመታበት ወረቀት ላይ አማቷ ያወጣችላትን ስም ጻፍክ! ፊደል ከሱቅ ማስታወቂያ የለቀምኩት እኔም ውክልናውን ሁለቴ አንብቤ ስህተቱ አልታየኝም።

ዘወር ስል ሚስትህ ሁሉንም ሰምታለች። ጥላን ልትሄድ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ይህቺ አለኝታ የምትሏት ሴት ቆንጆ ናት?»

«ቁንጅናዋን እንጃ፤ ሶፋ መጣል ትወዳለች ይባላል።»

ያን ጊዜ ሳቀች! ወረፋው በሙሉ ዞሮ አየን። ልጅቷም ነገሩ ሲገባት አፏን በወረቀት ሸፍና ሳቀች።

ሳቅ ግን ካርታ አያወጣም። ልጅቷ ሁለት መንገድ ነገረችን፤ ወይ አንተ ሌላ ውክልና ትልካለህ፣ ወይ ፍርድ ቤት ሁለቱም ስም የአንድ ሴት ነው ብሎ ይወስንልናል። ለፍርድ ቤቱ ስሙ ሲወጣላት የነበረ ምስክር ያስፈልጋል። እኔ ወኪልህ ስለሆንኩ አልመሰክርም። በዚያ ጠዋት ከነበሩት መሐል አሁን የማገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እህትህ ራሄል።

አትቆጣኝና ሁለተኛውን መረጥኩ።

ራሄል ያኔ በዚህ ሶፋ የተነሳ «በማን ቤት ነው ዕቃ የምታወጪው? ቤቱ የወንድሜ ነው፤ አንቺ እንግዳ ነሽ» እንዳለቻት ታውቃለህ። ሚስትህ ደውላ ስትነግርህ አንተ «ተያት፣ ተረጋጊ» አልካት። ልብሷን ሸክፋ የሄደችው በራሄል ቃል እንዳይመስልህ፤ ባንተ «ተያት» ነው።

ስታዲየም አጠገብ ያለው የራሄል ሱቅ ሄድኩና «ስለ እናትሽ ነገር ፍርድ ቤት ጥቂት ቃል ትሰጪያለሽ» አልኳት። ውሸት አለበት? የለበትም። በቀጠሮው ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ሚስትህን በር ላይ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሼ ተካ፣ አታለሉኝ!»

«ትንሽ ነው» አልኳት።

ምላ ቆመች። ዳኛው «ይህችን ሴት ያውቋታል?» ሲሏት «አውቃታለሁ» አለች። «ማን ትባላለች?» ሲሏት ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። እዚያ ላይ ቢሊሴ ብላ ብትቀመጥ፣ ያ ሁሉ ድካሜ ገደል በገባ ነበር። እኔ ሚስትህን አያለሁ፣ ሚስትህ መሬቱን ታያለች።

«አለኝታ ናት» አለች ራሄል። «ስሙን ያወጣችላት እናቴ ናት፤ እዚያው ነበርኩ።» ዳኛው ይበቃል ሊሏት ሲሉ ቀጠለች። «እናቴ ታማ ስትተኛም አለኝታ፣ አለኝታ ነበር የምትለው። እኔ ልጇ አጠገቧ ቁጭ ብዬ።»

እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ጠቡ የሶፋ መስሎኝ ነበር።

ውጭ ወጥተን ሁለቱ ፊት ለፊት ቆሙ። ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። ይህ ደርሶብኝ አያውቅም።

«እኔን እኮ የምትጠራው መድኃኒቷ እኔ ዘንድ ስለነበረ ነው» አለቻት ሚስትህ። «አንቺ ደክሞሽ እንቅልፍ ሲወስድሽ ‹ራሄል በላች?› ነበር የምትለኝ። ሁልጊዜ።»

ራሄል ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ ታክሲ የምጠራ መስዬ ራቅ አልኩ።

ፍርድ ቤቱ ወስኖልን ካርታው እንደወጣ የቤቱን ቁልፍ ለሚስትህ ሰጠኋት። «አስብበታለሁ ጋሼ» ብላ ወደ ቢሾፍቱ ተሳፈረች። አላስጨነቅኋትም፤ አንተም አታስጨንቃት። ብቻ ስትደውልላት «ተረጋጊ» የምትለውን ቃል እዚያው ጁባ ቅበረው። ፈቃድ እንዳገኘህም ና። ገንዘብ መላክ ጥሩ ነው፣ ግን ያ ሶፋ ላይ ከእኔ ይልቅ አንተ ብትወጋ ደስ ይለኛል።

ካዛንቺስ ዳማ የምንጫወትበት ቤት ፈርሶ ጓደኞቼ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ስንቱን ቤት ሲፈርስ ቆሜ አየሁ። ያንተ ቤት ግን አልፈረሰም። ለዚህ ብቻ ማታ ማታ…

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። በዚህ ሰዓት ማንንም አልጠብቅም።

«ማነው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ ጋሼ፣ አለኝታ።»

ከኋላዋ ራሄል «ሻንጣው ውስጥ ድንጋይ ነው እንዴ የሞላሽው? ደረጃው ላይ ገደልሽኝ እኮ!» እያለች ስታለከልክ ይሰማኛል።

«ቁልፍ የለሽም?» አልኩ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ።

«አለኝ።»

«ታዲያ ምን ያስንኳኳሻል? የቤት ባለቤት በሯን አታንኳኳም። አልከፍትም!»

የቦርሳዋ ዚፕ ተከፈተ።

አጥናፉ፣ ቁልፉ በሩ ውስጥ ሲዞር ይሰማኛል። እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ፣ አንተንም በሰላም ያምጣህ። ከነሶፋው ሳታወጣኝ ልነሳ።

አጎትህ ተካ