በሸማ ዕቃው ላይ የቀረው ዱንጉዛ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11
ማግ እያጠነጠንኩ ነበር። ሰኞ፣ ከሰዓት። ቀዩ ክር አልቆበት፣ ስመለስ ሥራ እንዳልፈታ ቶሎ በይ ብሎኝ ወጥቷል። ልጄ ዘነበ። ለሰፈራችን የባህል ቀን የሚለብሰውን ዱንጉዛ እየሸመነ ነው። ጎረቤቴ ወ/ሮ አልማዝ በር ላይ ቆመች፤ አትገባም። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ማን ሞተ አልኳት። እኔው ነኝ የጠየቅኋት።

ጫሞ ሐይቅ ላይ ነው። የድሮ ዓሣ አጥማጆችን የእንጨት ታንኳ ለትርኢቱ ሊያመጡ ሄደው ነበር፣ እሱና ጓደኛው አማኑኤል። በመኪና ይጫናል ተብሎ ነበር። በውሃ እናምጣው ያለው አማኑኤል ነው። ነፋስ ተነሣ። አማኑኤል ዋኝቶ ወጣ።

ትናንት ቀበርነው። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20
ድንኳኑ ፈረሰ። ቤቱ ጭር ብሏል። ዱንጉዛው በሸማ ዕቃው ላይ እንዳለ ነው። ጥቁር፣ ቀይ፣ ቢጫ። የቀረው ስንዝር ነው። ወንድሜ ከኦቾሎ መጥቶ፣ ሌላ ሸማኔ ይጨርሰው አለ። ቀና ብዬ አየሁት። ድሩን ማንም አይነካም።

አልማዝ የሰማችውን ይዛ መጣች። የባህል ቀኑ ተራዘመ እንጂ አልቀረም። በዘነበ ቦታ ጭፈራውን የሚመራው አማኑኤል ነው። ንገሪያቸው አልኳት፤ እሱ አደባባይ ከወጣ እኔም እወጣለሁ። ወጥቼ ምን እንደማደርግ አላውቅም። እውነቴን ነው። ራሴን ፈራሁት።

ሰኞ፣ ኅዳር 29
ሽማግሌዎች መጡ፣ እርጥብ ሣር ይዘው። ደጄ ላይ ተንበረከኩ። በእኛ በጋሞዎች ደንብ ሣር ተይዞ እንቢ አይባልም። እንቢ አላልኩም። ተነሡም አላልኩም። ፀሐዩ አናታቸውን ይመታል። ትልቁ፣ ጋሽ ጫቆ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አውቃለሁ።

አማኑኤል ከኋላቸው ነው፤ አጥሩ ጋ፣ አንገቱን ደፍቶ።

"ልጄ፣ ይሄ ጉልበት ከእንግዲህ አይነሣም፤ እዚሁ አጥር አድርጊኝ" አሉ ጋሽ ጫቆ። አንዱ ሽማግሌ ሳቁን ዋጠ። እኔም ሊያመልጠኝ ነበር። ተናደድኩ።

አማኑኤልን ጠራሁት። ጭፈራ ልትመራ ነው አሉ አልኩት።

"ሳይጠይቁኝ ነው ስሜን የሰጡት፣ እትዬ። አልወጣም። በውሃ እናምጣው ያልኩት እኔ ነኝ።"

ሌላ አልጨመረም። ምክንያት ቢደረድር ይሻለኝ ነበር፤ የምጠላው አላጣም ነበር።

ሣሩን ከመቀበሌ በፊት ቃሌን ተናገርኩ። እሱም ሸማኔ ነው። ይምጣና ልጄ ሲሸምን ይቀመጥበት የነበረው ጉድጓድ ገብቶ ስንዝሯን ይጨርስ። እኔ እያየሁት። ጋሽ ጫቆ ይከብደዋል አሉ። ይክበደው አልኩ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2
መጣ። ጫማውን አውልቆ ገባ። ማጉን አጠነጥናለሁ። መወርወሪያው መመላለስ ሲጀምር ወደ ጓሮ ሮጥኩ። የልጄ ድምፅ ነዋ። አልማዝ ይዛኝ ቆየች። ተመልሼ ገባሁ። እያለቀሰ ይሠራል፤ ክሩ ላልቷል።

"ጠበቅ አድርገህ ምታው" አልኩት።

"እሺ፣ እማዬ።"

እንዲያ የሚለኝ ዘነበ ነበር። አላረምኩትም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4፣ ማለዳ
ዱንጉዛው ትናንት ከዕቃው ወረደ። የልጄ እጅ የት ላይ እንዳበቃ ዓይን አይለየውም። በጣቴ ዳስሼ አገኘሁት።

ዛሬ የባህል ቀን ነው። ከበሮ ይሰማል። ወስኛለሁ። ዱንጉዛውን አማኑኤል ይለብሳል፣ ጭፈራውንም ይመራል። ከፊት ቆሜ አየዋለሁ። መቆም እስከቻልኩ ድረስ። ከዚያ ቤ/ክ እሄዳለሁ።

ማስታወሻዬ፣ አንድ ቀን ሌላ ሰው ከገለጠሽ አደራ ንገሪልኝ። ዘነበ የቤት ስሙ ነው፤ እሱን እኔ እጠራዋለሁ። እናንተ ስለ ነፍሱ ስትጸልዩ በክርስትና ስሙ ጥሩልኝ፦ ኃይለ ሚካኤል።