ሦስት ቸርኬና አንድ ስኮርታ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለበፍቃዱ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሳብህ የጎን ውጋት ተወህ ወይ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ያቺ በስልክ ብቻ የማውቃት ሩሃማስ፣ ጥርስ አበቀለች? እኛ ጌታ ይመስገን በጤና አለን። ቡናው ቀልቷል፣ ዝናቡ ወቅቱን ረስቶ ይመላለሳል፣ ዲላም እንደተውካት በባጃጅ ጡሩምባ ይነጋባታል። ጤናችንን ከጠየቅክ ደህና ነን። ልባችንን ከጠየቅክ ግን ወንድሜ፣ እሱን ልነግርህ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ ስጀምር እንባዬ ይቀድመኛል፤ አንተም «ካሱ፣ ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ብለህ ትዘጋዋለህ። ደግሞ በስልክ የማወራው ለአባባ ጓሮ ድረስ ይሰማል። ስለዚህ ሀምዲያ፣ ያቺ ገበያ ላይ ጨርቅ የምትሸጠው፣ አንተ ወዳለህበት ጆሃንስበርግ ባሏ ዘንድ ልትሄድ ነው ሲሉኝ በእጇ ሰደድኩልህ። ወረቀት እንደሆነ አይቆራረጥም።

በመስከረም ደውለህ ሁለት ነገር አዘዝከኝ። አንደኛው ቀላል ነበር፤ የመኪናህን አራት ቸርኬዎች ከነጎማቸው አሽጌ ለሸጥክለት፣ ሐዋሳ ላለው ጓደኛህ ለተሾመ እንድልክለት። ሁለተኛውን ለማውጣት ያንተም አፍ ከብዶት ነበር። እንደማትመለስ፣ ኑሮህም ልጅህም እዚያው መሆኑን፣ ይህንንም ለአባባ ቀስ አድርጌ እንድነግረው። ቀስ አድርገሽ! እንዴት ነው ቀስ የሚባለው በፌ? መርዶ እኮ ነው ያሸከምከኝ። የሞተ ሰው መርዶ እንኳ በእኛ አገር ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቤተ ዘመድ ተጠርቶ ነው የሚነገረው። እኔ ብቻዬን፣ የቁም መርዶ፣ በየትኛው አንደበቴ?

አባባ ያቺን መኪና እንዴት እንደያዛት ብታይ ኖሮ እንዲህ አታዘኝም ነበር። በሞያሌ በኩል የወጣህ ዕለት ቁልፉን እጁ ላይ ትተህ «ስመለስ እኔው አስነሳታለሁ» አልከው አይደል? እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከይርጋጨፌና ከፍስሐ ገነት ቡና ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነው፤ የቆመ መኪና ያመዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸራዋን ይገልጣል፣ ሞተሯን ያስነሳል፣ ጎማዎቿ በአንድ ጎናቸው እንዳይሞቱ ትንሽ ወደፊት ትንሽ ወደኋላ ያደርጋታል። የሰፈር ሰው «ለምን አትሸጣትም?» ሲለው «ባለቤቷ መንገድ ላይ ነው» ይላል። ሰባት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ! ለእማዬ ቀብር ሳትደርስ ስትቀር እንኳ «ወረቀቱ አላለቀለትም እንጂ እሱማ በመጣ ነበር» እያለ ለለቀስተኛው ሁሉ ያስተባብልልህ ነበር።

ሳመነታ ኅዳር ገብቶ የቸርኬዎቹን ነገር ስነግረው በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ቆጮ በጎመን ይበላ ነበር። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። መኪናዋን አንዴ አያት፣ እጁን ታጠበ፣ ከዚያ «የማሽገው እኔ ነኝ፤ ማንም እንዳይነካብኝ» አለኝ። እኔ ሞኟ ተመስገን አልኩ። አንዲት ጥያቄ ቢጨምር ኖሮ ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘክዝኬ እጥለው ነበር።

በማግስቱ አያያዙን ባየህ። መጀመሪያ መኪናዋ መሬት ላይ እንዳለች ብሎኖቿን አላላ። ከዚያ በክሪክ እያነሳ፣ ከሥሯ ድንጋይ እየደረደረ፣ ቸርኬዎቹን አንድ በአንድ አወረዳቸው። ነፋሳቸውን ቀነሰ፤ ጎማ እንደተነፋ ከተጫነ ቀትር ላይ ይወጠራል አለኝ። በሳሙና አጠባቸው፣ በጨርቅ ወለወላቸው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣቸው። የሚያብረቀርቀው ፊታቸው እንዳይጫር ካርቶን በክብ ቆርጦ ከደነላቸው። ባለቤቴ ደግነት ፕላስቲክ ይዞ ቢመጣ «ፕላስቲክ ያልበዋል» ብሎ መለሰውና ከጓሮ ደረቅ ኮባ አመጣ። ሴቶቹ ቆጮ ሲቀብሩ ጉድጓዱን እንደሚያለብሱት፣ ድርብርብ አድርጎ ጠቀለላቸው። በላዩ የቡና ጆንያ አለበሰ፣ በቃጫ መስቀለኛ አሰረ፣ አፉን በወስፌ ሰፋ። ብሎኖቹን ለብቻ በአሮጌ ካልሲ ቋጠራቸው። እጁ ቀስ ይላል፤ ኮባውን ሲያስተካክል ሳየው፣ እማዬ ያረፈች ዕለት ነጠላዋን ያስተካከለበት እጅ ትዝ ብሎኝ ፊቴን አዞርኩ። አራተኛውን ሊያሽግ ሲል ውሃ ጠማኝ ብሎ ወደ ውስጥ ላከኝ። ስመለስ አራቱም ጆንያ ተሰፍቶ በር ላይ ተደርድሮ ነበር።

የጫነልን ሙሌ ነው፤ ያ ድሮ የአባባ ረዳት የነበረው፣ አሁን የራሱን አይሱዙ ይነዳል። አባባ በምርኩዙ እየጠቆመ አስጫነው። አጋድመው፣ አታቁመው፣ ይንከባለላል። ከባድ ነገር ከላይ አታድርግበት። ሸራውን ሳብ አድርገው። ሙሌ እንደ ድሮው «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» ይላል። በመጨረሻ አባባ እጁን ጆንያዎቹ ላይ ጭኖ በጌዴኦኛ ጸለየ። ለጎማ የሚጸልይ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

አሁን የእኛን ጅልነት ስማ። ወሩ ኅዳር ነው፣ የቡና ወቅት። ከዲላ የተነሳ አይሱዙ ላይ በቃጫ የታሰረ፣ አፉ የተሰፋ፣ ወፍራም ወፍራም የቡና ጆንያ አራት! ማን ጎማ ነው ብሎ ያምናል? እኛ ቤት ጆንያ ማለት የቡና ጆንያ ነው፤ ሌላ ዓይነት ጆንያ ዓለም ላይ መኖሩም አልታሰበን። ቡና ሲያመላልስ ያረጀው አባባ እንኳ አልታሰበውም። ሙሌን ኬላ ላይ ያለ ፈቃድ ቡና ጭነሃል ብለው አቆሙት። ቢምል ቢገዘት ማን ሰምቶት። ስፌቱን በጩቤ ቀደዱት። ኮባውን ሲያዩ ደግሞ ቆጮ ነው እንዴ ብለው ስቀው ለቀቁኝ አለኝ። ሙሌ ይህን ሁሉ እየሳቀ ነው በስልክ የሚነግረኝ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ካሳነሽ፣ አራተኛው እኮ ቸርኬው አይደለም፤ ስኮርታው ነው» አለኝ። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው፣ ዝገት የበላት የብረት መጠባበቂያ ጎማ!

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተሾመ ምን ይለናል? የበፍቃዱ ቤተሰብ አጭበርባሪ ነው አይልም? እየበረርኩ ቤት ስገባ አባባ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ቸርኬው ከአልጋው ሥር በብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አፌን በቆረጠው፣ ጮህኩበት። «አባባ ምን ነካህ? በስተርጅና ስማችንን ልታጠፋ ነው?» አልኩት። ሲከፋው ወደ ጌዴኦኛ እንደሚመለስ ታውቃለህ። በጌዴኦኛ ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ። መኪና በሦስት እግር አይሄድም። ሰውየው የጎደለ ዕቃ አይገዛም፣ መልሶ ይልከዋል። ቸርኬዎቹ ከተመለሱ ደግሞ ልጄም፣ አለና አልጨረሰውም።

ለካ አውቆ ኖሯል። እኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ የተሸከምኩትን እሱም ለብቻው ተሸክሞት ኖሯል። «አይመጣም ወይ?» አላለኝም፤ «አይመጣም» ነው ያለኝ። መኪናውን የሚሸጥ ሰው ሌላ ሊገዛ ይሆናል፤ እግሯን ነቅሎ የሚሸጥ ግን ሊነዳት አያስብም አለኝ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም። ፀጉሬን እየዳሰሰ፣ እኔን ሊያጽናና፣ «እሱ ደህና ከሆነ ይበቃናል» አለኝ። አንጀቴ ተበጠሰ በፌ፤ እስካሁንም አልተቀጠለም።

በበነጋው ጠዋት ቸርኬውን በጋቢው ጠቅልሎ ብቻውን አውቶቡስ ተሳፈረ። ረዳቱ ከላይ ልጫንልህ ቢለው አሻፈረኝ አለ፤ በእግሮቹ መሃል አቅፎት ሐዋሳ ገባ። የቀረውን የነገረኝ ተሾመ ነው። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀው አሉ፤ ሽማግሌ ነኝና ተሳሳትኩ ብሎ። ከዚያ አራተኛውን በገዛ እጁ ገጠመለት፤ ብሎኖቹን ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቀ አጠበቃቸው። እስቲ ንዳት አለው። ተሾመ እስከ ማዞሪያው ደርሶ ሲመለስ አባባ መንገድ ዳር ቆሞ የጎማዎቹን ድምፅ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ እጁን ኮፈኑ ላይ አድርጎ «የሄድክበት ይቅናህ፤ በሰላም ወደ ቤትህ ይመልስህ» ብሎ መረቀው። ምሳ ብላ ቢለው ልጄ ትጠብቀኛለች ብሎ ሄደ። ተሾመ ይህን ሲነግረኝ፣ ባውቅ ኖሮ አልገዛም ነበር አለኝ። በእሱ አትቀየም፤ ጨዋ ሰው ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ይተወዋል ብዬ ነበር። እንደ ልማዱ ሸራዋን ገለጠ፣ ገባ፣ ሞተሯን አስነሳ። አራት ድንጋይ ላይ የተቀመጠች መኪና ወዴት ትሄዳለች? መሪውን ይዞ ፊት ለፊት የእትዬ ስመኝን አጥር እያየ፣ እስክትሞቅ ጠበቃት። ከዚያ አጥፍቶ ወጣና ቁርሱን ጠየቀኝ።

ወንድሜ፣ ተቆጥቼብሃለሁ። ደብቄ ምን ይጠቅመኛል? ኑሮ እዚያ ካደረገህ ኑር፤ ሚስትህን ይባርክ፣ ልጅህን ያሳድግልህ፤ በዚህ አንድም ቀን አልቀናሁብህም። የተቆጣሁት አፍህን ለእኔ በማዋስህ ነው። አባባን «ልደውልለትና እሱ ራሱ ይንገርህ?» ብለው ተይው አለ። አባት ልጁን አልመጣም በል ብሎ አያስጨንቅም፤ ሲችል ይናገራል አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ስትደውል ልብ ብለሃል? አንዴ «በፌ ነው?» ይልና ወደ ጓሮ ይወጣል። እንዳትሸማቀቅ ብሎ ነው የሚወጣልህ። አንተም «አባባስ?» ትላለህ፤ እኔም «ወጣ ብሏል» እልሃለሁ፤ ሁላችንም ዋሽተን ስልኩ ይዘጋል። ይህ ነገር ይብቃን። ቅዳሜ ጠዋት በራሱ ስልክ ደውልለት። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ወረቀቴ ሊያልቅ ነው፣ እንዳትለው። እውነቱን በለው። እሱ መቅረትህን አውቆታል፤ የሚጠብቀው ካንተ ከአፍህ መስማቱን ብቻ ነው። ዕድሜው ደግሞ አይጠብቅህም፤ ከኬላው ነገር ወዲህ እግሩ ከብዶታል፣ እራት ላይ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ይተወዋል።

ደግነት ሰላም ብሎሃል፤ እኔን ባስለቀስክበት ቂም አልያዘም፣ እሱ መቼ ይይዛል። ልጄ ትንቢትን በጣም ናፍቀሃታል፤ የሩሃማን ፎቶ ለክፍል ጓደኞቿ እያሳየች የአጎቴ ልጅ ናት ትላለች፣ ሌላ ላክልኝ በይው ብላኛለች። እትዬ ስመኝ ሰላም ትልሃለች፤ በጸሎቷ አትረሳህም። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጓደኞችህ፣ ሙሌም ጭምር፣ ሰላም በይልን ብለዋል። ለባለቤትህ በቋንቋ ባንግባባም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ሩሃማንም ሁለት ጉንጮቿን ሳምልኝ።

አባባ ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጧል። ለማን እንደምጽፍ አውቋል። «ያንተንም ሰላምታ ልጻፍለት?» ብዬ ጠየቅኩት። «አትጻፊ። የእኔን ሰላምታ ራሱ ደውሎ ይውሰድ» አለኝ።

እህትህ ካሳነሽ ኃይለኢየሱስ

ዲላ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.