ፍሬን ያልያዝኩበት የደቻቱ ኩርባ

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 1978 ዓ.ም.

ውድ ሰማታር፣

ትናንት ዳሃቦ ከጅቡቲ በመጣው ባቡር ገባች። ልብስ ነጋዴዋን ዳሃቦን መቼም አትረሳትም፤ ባቡሩ አዲጋላ በቆመ ቁጥር ውሃ ቅዳልኝ እያለች የምትጨቀጭቅህን። ጨርቋን ከፊራ ገበያ ሳታደርስ ቀጥታ እኔ ቤት መጣችና በሩን ዘጋችው።

«ጅቡቲ ወደብ ላይ አንድ ሰውዬ አገኘሁ» አለችኝ። «ሸበት ብሏል። ስሙን አልጠራልሽም። ስልከኛዋን አንድ ነገር ጠይቂልኝ አለኝ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «ምን ጠይቂ አለሽ?»

«ውድድሩን ማን አሸነፈ በያት አለኝ። ወላሂ ሌላ ምንም አላለም። ነያ፣ አንቺ፣ የምን ውድድር ነው?»

ሰማታር፣ አንተ ግን ምን ዓይነት ሰው ነህ? ሰባት ዓመት ሙሉ ትኑር ትሙት ሳላውቅ ቆይቼ፣ የመጀመሪያዋ ቃልህ «ደህና ነኝ» አይደለችም፣ «እንዴት ነሽ» አይደለችም፣ «ማን አሸነፈ» ናት! መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ደሜ ፈላ። ዳሃቦ ለየላት ብላ ውሃ ልታመጣልኝ ተነሳች።

ይሁን፣ እመልስልሃለሁ። ግን በአንድ ቃል አልመልስልህም። ያን ቀን የሆነውን አንተ የምታውቀው ግማሹን ብቻ ነው። ግማሹ እኔ ዘንድ ነው ያለው። ይህን ወረቀት ዳሃቦ ቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ትሰፋዋለች፤ እጅህ ከገባ አንብበህ አቃጥለው።

የወረቀት መኪና ውድድሩን መስመሩ ላይ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አትካድ። ተማሪ ሳለሁ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ተደብቀን የምንጫወተው ነበር። ከምሳ በኋላ ድሬዳዋ ሙቀቱን ሸሽታ ስትተኛ፣ ባቡር በማያልፍበት ሰዓት፣ አንተ አዲጋላ፣ ሌሎቹ በየጣቢያቸው፣ እኔ እዚህ በስልክ ማዞሪያው ክፍል ስናዛጋ እንውል ነበር። የጣቢያዎቹ ስልክ ደግሞ አንድ መስመር ነው፣ አንዱ ሲያወራ ሁሉም ይሰማል። ታዲያ ካሬ ባለው ወረቀት ላይ የከዚራን ሰፈር ሣልኩና ለየጣቢያው አንዳንድ ቅጂ በባቡር ላክሁላችሁ። መነሻው የጣቢያው አደባባይ፣ ከዚያ የጥላ ዛፎቹ መንገድ፣ ከዚያ ሁለት መኪና ጎን ለጎን የማያሳልፈው የግሪኩ ዳቦ ቤት ቅያስ፣ ከዚያ ወደ ምስራቅ ቀጥ ብሎ የደቻቱ ወንዝ ዳር፣ እዚያ ወደ ሰሜን ታጥፎ እንደገና አደባባዩ። ደቻቱንና ከወዲያው ያለውን አሸዋ በነጠብጣብ ሞላሁት። በእርሳስ የምንነዳት መኪና ነጠብጣቡን ከነካች ባለቤቷ ወደቀ።

ዳኛችን የኤረር ጣቢያው ጋሽ ነጋ ነበር። ያ ሽማግሌ ለግማሽ ካሬ እንኳ ምሕረት አልነበረውም። አንድ ቀን መኪናህ ደቻቱን ስትነካ «ጎርፍ ወስዶሃል፣ ውጣ» ሲልህ፣ «አቦ ጋሽ ነጋ! በበጋ ምን ጎርፍ አለ?» ብለህ ጮህክ። እሱም ረጋ ብሎ «እኔ በምዳኝበት ወረቀት ላይ ደቻቱ ሁልጊዜ ሙሉ ነው» አለህ። መስመሩ ላይ ያለ ጣቢያ ሁሉ ሳቀብህ።

አንተ ማርሽ እንጂ ፍሬን የምትባል ነገር አታውቅም ነበር። እኔን ደግሞ «አንቺ ፍሬን ይዘሽ ነው የተወለድሽው» ትለኝ ነበር። እውነትህን ነው፤ ኩርባ ስቼ አላውቅም። ሌሎቹ አንድ በአንድ ወድቀው ለፍጻሜው እኔና አንተ ቀረን። ሽልማቱን ያወጣኸው አንተ ነህ፦ የተሸነፈ ያሸነፈውን ምሳ ጋብዞ ከዚራን በእግር ያዞረዋል። ድሬዳዋን በልጅነትህ አንዴ ብቻ እንዳየሃት ነግረኸኝ ነበር። ከዚራን ግን በእኔ ወረቀት ከነቅያሱ በቃልህ ትጠራዋለህ። መልክህን አይቼው አላውቅም፣ አንተም የእኔን። ያን ሽልማት ስታወጣ ልቤ ምን እንዳለ ያኔ አልነገርኩህም። በኋላ እነግርሃለሁ።

በፍጻሜው ቀን ክፍሌ ስገባ ወንበሬ ላይ ሰው ተቀምጦ አገኘሁ። ስሙ ክፍሉ ይባላል፣ በቅርቡ ከመሀል አገር የመጣ ካድሬ። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልነገረኝም፣ በዚያ ዘመን አይጠየቅም። የከዚራዬን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል።

«ጓዲት ሸዋገነት» አለኝ፣ «ሰርጎ ገብ ድልድይ በሚያፈርስበት ጊዜ፣ በሐዲዱ ስልክ፣ ሦስት ወደ ምስራቅ ሁለት ወደ ሰሜን እየተባባላችሁ የምታወሩት ምንድነው?»

«ጨዋታ ነው ጓድ።»

«እንግዲያው አስተምሪኝ።»

አስተማርኩት። መኪናው በየተራው የሚሄደውን ካሬ ቆጥረህ ትናገራለህ። በሚቀጥለው ተራ አንድ መጨመር ወይም አንድ መቀነስ ትችላለህ፣ ከዚያ በላይ አይቻልም። ስለዚህ የፈጠነ መኪና በአንድ ጊዜ አይቆምም፤ ኩርባው ሳይደርስ ከሩቁ ፍሬን መያዝ አለብህ። ክፉ ነገሩ፣ ሰውዬው ቶሎ ገባው። እርሳሱን አውጥቶ ሁለት ጊዜ ሞከረና ራሱን ነቀነቀ።

«ጥሩ። ጨዋታ ነው ብዬ ልመን» አለ። «የአዲጋላው ልጅ ወንድም ግን ድንበር ተሻግሯል፣ ያ ጨዋታ አይደለም። ሰዎቻችን ጠዋት በኦቶራይ ባቡር ተነስተው ሐዲዱ ላይ ናቸው። እስኪደርሱ ልጁ ከስልኩ እንዳይነሳ። ተጫወቺ። እያንዳንዱን ቁጥር በእርሳሴ እከተላለሁ። ከጨዋታው ውጪ አንዲት ቃል ብትተነፍሺ...» አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም።

የዚያን አሮጌ የፈረንሳይ ስልክ ሁለተኛ ማዳመጫ ከኋላው ነቅሎ ጆሮው ላይ ለጠፈ። እኔ ደወልኩ።

«አሎ ኦፕሬተር!» አልክ አንተ። «አቦ ዛሬ ጫማሽን ጥረጊ! ከዚራን በእግር ታዞሪኛለሽ!»

እንዲህ ደስ ብሎህ ሰምቼህ አላውቅም ነበር። «ጀምር» አልኩህ፣ ሌላ ምን ልበል?

እንዴት እንደተጫወትን ታስታውሳለህ። አንተ ከአደባባዩ ተፈትልከህ ወጣህ። በጥላ ዛፎቹ መንገድ ቀደምከኝ፣ የግሪኩን ቅያስ አጥሩን ለመላስ ምንም ሳይቀርህ አለፍከው። የማታውቀው ግን እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ መኪናዬን እየነዳሁ አለመሆኔን ነው። ቃል ስፈልግ ነበር። ቁጥርና አቅጣጫ ብቻ ነው የተፈቀደልኝ፤ ትክክል ያልሆነ ቁጥር ብናገር ክፍሉ ያውቀዋል። በየተራው እርሳሱ የወረቀቱን ካሬ እየነካች ትከተለኛለች። ላቡ ወረቀቱ ላይ ጠብ ሲል በእጅጌው ይጠርገዋል። ኦቶራዩ በዚያች ደቂቃ ሽንሌ ጣቢያን ይለፍ፣ በረሃው ውስጥ ይሁን፣ በርህ ላይ ይሁን የማውቀው ነገር የለም።

ከዚያ የደቻቱ ቀጥታ መንገድ ላይ ገባን። እዚህ ጋ ሁልጊዜ ፍሬን እይዛለሁ። አንተም ታውቃለህ፣ መስመሩ ሁሉ ያውቃል። ከአራት ወደ ሦስት መውረድ ነበረብኝ።

«አምስት ወደ ምስራቅ» አልኩ።

ክፍሉ ቆጠረ። ትክክል ነው፣ አንድ ነው የጨመርኩት።

ተራህን ተጫወትክና «ሸዋ! ፍሬን!» ብለህ ጮህክ። «ደቻቱ ውስጥ ልትገቢ ነው!»

«ስድስት ወደ ምስራቅ።»

ነጠብጣቡ ውስጥ ገባሁ። ክፍሉ ፈገግ ብሎ እርሳሱን አስቀመጠ፣ የወደቅሁ መስሎታል። በደንባችን መሠረት ወድቄያለሁ። ጋሽ ነጋ «ጎርፍ ወስዶሻል» ካለ ጨዋታው ያልቃል፣ አንተም አሸንፈህ እየሳቅህ፣ እጅህ ስልኩ ላይ እንዳለ ይይዙሃል። ጋሽ ነጋ ፍርዱን እንደዚያ ቀን አዘግይቶ አያውቅም።

ጉሮሮውን ጠራረገ። «ደቻቱ ዛሬ ደረቅ ነው» አለ። «ይታለፋል።»

ክፍሉ ወደ እኔ ዞሮ «ልክ ብሏል ሽማግሌው፤ ትናንት እኔም በእግሬ ተሻግሬዋለሁ» አለኝ።

ከዚያ ያንተ ተራ መጣ። ወደ ሰሜን ብትታጠፍ ባዶ መንገድ ነበር የሚጠብቅህ፣ አሸናፊ ነበርክ። ትንፋሽህን ሰማሁት። ተከተለኝ፣ ወደ ምስራቅ ሽሽ፣ ሽሽ እል ነበር በሆዴ። ከፍጻሜው በላይ የምትፈልገው ነገር እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ለዚያም ነው የፈራሁት።

«አራት ወደ ምስራቅ» አልክ ቀስ ብለህ። ቀጥለህም በሶማልኛ «ሐዬ፣ ሸዋ» አልከኝ፤ እሺ ማለትህ ነው።

ማዳመጫው እንጨት ላይ በዝግታ ሲቀመጥ ሰማሁ። አንተ የምታውቀው እስከዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ነው።

ተራዬን ተናገርኩ። ቀጥሎ ያንተ ነው። ክፍሉ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ጫን አደረገ። «ምን ሆነ? ለምንድነው የማይናገረው?» አለ፣ ፊቱም ተለወጠ። «ልጁ የት ሄደ?»

ከመስመሩ ድምፅ መጣ፦ «ወላሂ፣ አምስት ወደ ምስራቅ!»

ሰማታር፣ ጋሽ ነጋ ነበር! ያ ወላሂ ዲያቆን ቅዳሴ ላይ ያነበበው ነበር የሚመስለው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አስቀያሚ የሶማሌ ቅላጼ ሰምቼ አላውቅም። ወዲያው በራሱ ድምፅ «መልካም። ሸዋገነት፣ ተራሽ» አለኝ። የከንፈሬን ውስጥ ነክሼ ደም ቀመስኩ። ክፍሉ ግን ከአገሬው ሰው ጋር ገና አልተዋወቀም፤ ወላሂ ያለ ሁሉ ለእሱ አንድ ነው። ዘና ብሎ እርሳሱን አነሳ።

እንግዲህ ተጫወትን። እኔና ጋሽ ነጋ፣ ጋሽ ነጋ አንዴ አንተን ሆኖ፣ አንዴ ዳኛ ሆኖ። ከወንዙ ወዲያ ባለው በመጋላ ሰፈር በኩል ዞረን ደቻቱን መልሰን ተሻገርን። በየኩርባው ያለ ቅጥ ፍሬን እየያዝኩ ጊዜ ጎተትኩ። እሱም «ቆይ አቦ፣ ላስብበት!» እያለ ይጎትታል። ጥቂት ቆይቶ ክፍሉ ራሱ ወንበሩን ትቶ ቆመ። «አሁን ተጫኚው! ምን ፍሬን ላይ ትተኛለሽ?» እያለ ይጮኽብኛል። ሊይዝህ የመጣው ሰው እንዳልሸነፍ ሰግቶ ላብ በላብ ሆነ!

መጨረሻ አደባባዩ ላይ ጎን ለጎን ደረስን። እዚህ ላይ አንድ ነገር እወቅልኝ፦ ሆን ብዬ አልተሸነፍኩም። አሸንፌ ልጨርሰው ፈልጌ ነበር፣ እልኸኛነቴን ታውቃለህ። ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲዳኝ እንጂ ሲጫወት ያልሰማሁት ሽማግሌ በአንዲት ካሬ ቀደመኝ። «አሸነፍኩ ወላሂ!» አለ ባንተ ድምፅ። ከዚያ በራሱ፣ እንደ ደንቡ፣ «አሸናፊ፣ አዲጋላ።»

ስልኩ ወዲያው ከአዲጋላ ጮኸ። የኦቶራዩ አዛዥ ነበር፤ «ቢሮው ባዶ ነው፣ ሰውየው የለም» አለ።

«እንዴት ይጠፋል?» ብሎ ክፍሉ ጠረጴዛውን መታ። «አሁን ሲያሸንፍ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ! ሩቅ አልሄደም፣ ጣቢያው ውስጥ ነው፣ ፈትሹ!»

እነሱም ፈተሹ። የውሃ ጋኑን፣ የፉርጎዎቹን ሥር፣ የዕቃ ቤቱን ጣሪያ። እስኪመሽ ከጣቢያው ግቢ አልወጡም። ወደ ምስራቅ፣ ወደ ድንበሩ ዞሮ ያየ አልነበረም። እኔንም ማንም አልጠየቀኝም፤ ምስክሬ ክፍሉ ራሱ ነበር፣ እያንዳንዱን ቁጥር በእርሳሱ ተከትሏላ።

ጋሽ ነጋ በማግስቱ ደውሎ «ጉሮሮዬን አሞኛል» አለኝ፣ ያን ያህል ብቻ። ከዚያ ወዲህ አንዴም አንስቶት አያውቅም። ባለፈው ዓመት ታሞ ልጠይቀው ኤረር ሄድኩ። እጄን ያዘና «ያ ልጅ ያሸነፍኩለትን ምሳ በላ?» አለኝ። ገና ነው ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። በሳምንቱ አረፈ። ትናንት ዳሃቦ አንድ ዓመት ቀድማ ብትመጣ ኖሮ ብዬ ነው ካለቀስኩት ብዙውን ያለቀስኩት።

መልሱ ይኸው ነው። አሸናፊው አንተ ነህ። ምሳ አለብኝ፣ ከዚራም አለብኝ። በኋላ እነግርሃለሁ ያልኩትን ደግሞ አሁን ልንገርህ፦ ያን ሽልማት ስታወጣ ልሸነፍልህ ወስኜ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ኩራቴ እምቢ አለኝ። እወድህ ነበር። ሸብቷል ብትለኝም፣ ዳሃቦ የነገረችኝን ሰውዬ አሁንም እወደዋለሁ። ዛፎቹ አሉ። የግሪኩ ዳቦ ቤት ተዘግቷል፣ ቅያሱ ግን እንደ ሣልኩት ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ነው የሚያልፍበት።

ያንተ መመለሻ መንገድ መቼ እንደሚከፈት አላውቅም። በተከፈተ ቀን ግን ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል ብለህ እንዳትቀርብኝ። ጋሽ ነጋ ስለሌለ ዳኛዋ አሁን እኔ ነኝ፣ ፈርጃለሁም፦ ደቻቱ ደረቅ ነው። ይታለፋል።

ስልከኛህ
ሸዋ