ባልዲ ውስጥ የተቀበረው ትል

ሐሙስ፣ መስከረም 8። ጠዋት።
ትሉ ዛሬም እየበላ ነው። ማታ ካስገባሁለት የስኳር ድንች ቅጠል አንድም አልቀረም። ጣቴን አክሏል። ጅራቱ ላይ ያለችው ቀንድ ለጉራ ብቻ ናት፤ አትወጋም። አራተኛ ክፍል ተማሪዎቼን "የእሳት እራት ሆኖ ሲበር አሳያችኋለሁ" ብያለሁ። አፌን ምን ነካው? ባለቤቴ ማርቆስ ይስቅብኛል፤ ሰው ዶሮ ያረባል ይላል።

ሰኞ፣ መስከረም 12።
ማስታወሻዬ፣ ደስ ብሎኛል። መብላት አቁሞ ሲንቆራጠጥ ዋለ። ከሰዓት ባልዲው ውስጥ ያለው አፈር ውስጥ ገባ። እዚያ ቆዳው ጠንክሮ ቡናማ ፑፓ ሆኖ ይተኛል፤ ክንፍ ያበቅላል። ከተወጋ ግን አለቀለት። ባልዲውን ጓሮ፣ ጥላ ሥር አኖርኩት።

እሑድ፣ መስከረም 18።
አማቴ ከገጠር፣ ከቤሌ መጡ። ከቸርች ስመለስ ባልዲው ላይ የስኳር ድንች ሐረግ ተተክሏል፣ ውሃም ጠጥቷል። የወላይታ ገበሬ ጥሩ አፈር ባዶውን አይቶ አያልፍም። ጉዱን ስነግራቸው ደነገጡ፤ ቀጥለው፣ "ልጄ፣ እኛ የምንገድለውን አንቺ ትቀልቢያለሽ?" አሉ። ሳቅን። ሆዴ ግን አልሳቀም። አፈሩን በእንጨት ወግተው ነው የተከሉት። ቆፍሬ ማየት ፈራሁ።

ረቡዕ፣ መስከረም 28።
ምንም። ሐረጉ ብቻ ለምልሟል። አማቴ በየጠዋቱ ባልዲውን እያዩ ይተክዛሉ። የክፍሌ ልጆች መጠየቅ ትተዋል። ይኼ ይብሳል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ምሽት፣ 1 ሰዓት።
ወጣ! ያዩት አማቴ ናቸው። በወላይትኛ ተጣሩ፣ ሮጥኩ። ክንፉ ተጨማዷል፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ። በሐረጉ ላይ ወጥቶ ተንጠለጠለ፤ ክንፉ ቀስ እያለ ተዘረጋ። ግራጫ ነው፤ ሆዱ ላይ ሮዝ መስመር አለው። ባልዲው ልሙጥ ነው፤ ሐረጉ ባይኖር በምን ይወጣ ነበር? ክንፉ እንደተጨማደደ ይደርቅ ነበር። እኔ መምህርቷ መወጣጫ እንጨት ማቆም ረስቻለሁ። አማቴን አቅፌ ሳምኳቸው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4።
ባልዲው ነጠላ ለብሶ በባጃጅ ት/ቤት ሄደ፤ አማቴ ጭናቸው ላይ ይዘውት። ቀን ስለሆነ እራቱ ውስጡ ተኝቷል። ስነካው ክንፉን አርገበገበ፣ ሰውነቱ ሞቀ፣ በመስኮት ወደ ዳሞታ ተራራ በረረ። ልጆቹ ዴስክ ላይ ወጡ። አማቴ አጨበጨቡ፤ ለሚገድሉት ትል።

ከሰዓት። አማቴ ጓሮ የስኳር ድንች ቅጠል ሲገለብጡ ከሥሩ አረንጓዴ እንቁላል አገኙ፤ የሌላ የእሳት እራት። ሊጨፈልቋት አውራ ጣታቸውን አነሡ። አዩኝ። ቅጠሏን ቀስ ብለው መለሷት። አንዷን ብቻ፣ አሉ።
ተስማማሁ። ነገ ሌላ ባልዲ አፈር እሞላለሁ። ሐረጉን እሳቸው ይተክላሉ።