አስከሪ ቆሞበት የተመረጠው ካቦ

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢሀብ፣ ባለህበት የአላህ ሰላም ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትህ ስኳራቸው ወረድ ብሎላቸዋል፤ ጣፋጭ ሻይ ግን ተደብቀው ይጠጣሉ፣ እኔም እንዳላየሁ ሆኜ አልፋለሁ።

በስልክ የላክኸውን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። ሱዳን የሚገባ የውጭ ጦር ከተዘጋጀ በአስተርጓሚነት ልትመጣ ተመዝግበሃል። «ጄኔራሎቹን ሌላ ኃይል ካላወረዳቸው በራሳቸው አይወርዱም፤ ከዚያ ሕዝቡ በነፃነት ይመርጣል» ብለሃል። አለመውረዳቸውስ እውነት ነው፣ እኔንም መሮኛል። ግን ምን ብዬ እንደምመልስልህ ሳስብ ሰንብቼ፣ አባትህ እርሻ ላይ የሠሩት ጉድ ትዝ አለኝ።

ዘንድሮ ከጎንደር በኩል ለሰሊጥ አጨዳ የመጡት ልጆች ካቦ ውባየሁ የሚባል ሰው ነው። ካቦ መቼም አጫጆቹ ራሳቸው መርጠው ይዘውት ይመጣሉ እንጂ ባለእርሻ አይሾመውም። ይህ ውባየሁ ታዲያ ከቀለባቸው ዘይትና ዱቄት እየቀነሰ ይሸጣል። አባትህ ደረሱበትና በገኑ። በግነው ቢተዉት ጥሩ፤ ከከተማ የሚያውቁትን አንድ ወታደር፣ አስከሪ፣ ከነጠመንጃው ይዘው እርሻው ድረስ ሄዱ። «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ሌባ አይመራችሁም። እጃችሁን እያወጣችሁ ደህና ሰው ምረጡ» አሏቸው።

ልጆቹ ተያዩና እጃቸውን አወጡ። ማንን መረጡ መሰለህ፣ ያንኑ ውባየሁን። ከዚያ ማጭዳቸውን ጥለው ጥላ ሥር ተቀመጡ። እነሱ ሲያኮርፉ የደረሰው ሰሊጥ አፉን እየከፈተ መሬት ላይ ረገፈ።

አባትህ «እኔ እኮ ለእነሱ ብዬ ነው» ይላሉ። «ለእነሱ ከሆነ አስከሪው ምን ሊሠራ ሄደ?» ብላቸው ሻያቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። በኋላ አንዱን አጫጅ ጠየቅሁት። «እትዬ ራሒማ፣ ሌብነቱንማ እናውቃለን፤ ልናወርደው እየተመካከርን ነበር። አስከሪ ሲመጣብን ግን መልሶ የእኛ ሰው ሆነ» አለኝ።

ልጄ፣ የውጭ ጦር መጥቶ ተኩሱን ቢያስቆም ደስ ብሎኝ እተኛ ነበር፤ ይህን አልደብቅህም። በጠመንጃ ፊት የሚደረግ ምርጫ ግን የሚሳካ አይመስለኝም።

ደግሞ ያልነገርንህ ነገር አለ። እንዳትጨነቅ ብለው አባትህ ከልክለውኝ ነው። ታናሽህ ሉጥፊ እንደምንነግርህ ሱቅ እየጠበቀ አይደለም። ያ ካርቱም በሰልፉ ላይ ከጎንህ ቆሞ «ሲቪል መንግሥት» እያለ ድምፁ እስኪዘጋ የጮኸው ሉጥፊ፣ ዛሬ ጠመንጃ ተቀብሎ ከወታደሮቹ ጋር ኬላ ይጠብቃል። አለቆቹን ከአንተ እኩል ይጠላቸዋል። «ታዲያ ለምን?» ስለው፣ «ዩማ እናቴ፣ የውጭ ጦር ይመጣል እየተባለ ነው። እኔ በሕይወት እያለሁ አያልፍም» ይለኛል።

ኬላው ከድንበሩ ከገላባት ወደ ገዳሪፍ በሚያስገባው መንገድ ላይ ነው። ጦሩ በየት በኩል እንደሚገባ የምታውቅ ከሆነ ጻፍልኝ።

አላህ ሁለታችሁንም ከአንድ ማዕድ ያገናኝልኝ።

እናትህ ራሒማ