ድንቡሼ ውሃ ጠጣች

ውድ እህቴ ሄርሜላ፣

ድንቡሼ አልሞተችም! ከሰላምታው በፊት ይህን ያስቀደምኩት ሆን ብዬ ነው። ለሥራ ወደ ጂንካ ስትሄጂ ኤሊሽን እኔ ላይ ጥለሽ፣ «ኖህ እጅ የገባ ነገር አይበረክትም» ብለሽ አልነበር? በስልክ መንገር አቅቶኝ አይደለም። እንዲህ ያለ ድል ግን በወረቀት ካልሰፈረ ነገ ትክጂኛለሽ።

ነገሩ የጀመረው በብርዱ ነው። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደውን ነፋስ ታውቂዋለሽ። እማዬ አዘነችላትና ለፈትል ያዘጋጀችውን ባዘቶ ካርቶኗ ውስጥ ጎዘጎዘችላት፤ ከላይም አልብሳ አምፖል አበራችላት። ጥጡ እንዳይርስባት ደግሞ የውሃ ሳህኑን አወጣችው። «ኤሊ መች ውሃ ትጠጣለች? ከጎመኑ ይበቃታል» አለች። እኔም ከሽሮ ሜዳ ሱቅ ስመለስ ዓይኗን ጨፍና አያታለሁ፤ ተኝታ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ባዘቶ ውስጥ ማን አይተኛም?

አንድ እሑድ ሳነሳት እጄ ላይ ቀለለችኝ። ባዶ የክብሪት ቀፎ ያነሳሁ ነው የመሰለኝ። ዓይኖቿ ጎድጉደዋል፣ የአንገቷ ቆዳ ተሸብሽቧል፣ አፏ ደርቋል። ካርቶኑ ጥግ ከሽንቷ ጋር የጣለችው ነጭ ነገር እንደ ጠመኔ ጠጥሯል። ጎመን አፍንጫዋ ሥር ባደርግላት ዞር ብላም አላየችው። ሄርሜላ፣ ፈራሁ። «ሞተች» ብዬ ስደውልልሽ፣ አንቺም ምንም ሳትይ ዝም ስትይኝ ታየኝ። ስድብሽን እችለዋለሁ፤ ዝምታሽን ግን አልችለውም።

«ብርድ ነው፤ ባዘቶ ልጨምርላት» አለች እማዬ።

«እማዬ፣ በርዷት አይደለም፤ ደርቃ ነው።»

«አራት ልጅ ያሳደግኩት እኔ ነኝ! አንተ አበባ እንኳ አሳድገህ ታውቃለህ?»

እውነቷን ነው፣ አላውቅም። ቢሆንም ካርቶኑን ታቅፌ ወጣሁ። እማዬ ከኋላዬ በሩን በኃይል ዘጋችው።

ሸጎሌ ዶክተር ጀላል የሚባል የከብት ሐኪም እንዳለ ሰምቼ ነበር። በግ ከሚጎትቱ ሰዎች መሃል ወረፋ ያዝኩ። አንድ አዛውንት ካርቶኑን አጮልቀው አይተው፣ «ይቺማ ለበዓል አትደርስም» ብለው ሰዉን አሳቁብኝ።

ዶክተሩ ግን አልሳቀም። የእግሯን ቆዳ በቀስታ ቆንጥጦ ሲለቀው፣ ቆዳው ተሸብሽቦ ቀረ።

«ውሃ አልቆባታል» አለኝ፣ የአምፖሉንና የሳህኑን ነገር ከነገርኩት በኋላ። «ጥጡ እርጥበቷን መጠጠው፣ አምፖሉ ደግሞ አደረቃት። በሰፊ ሳህን ለብ ያለ ውሃ አድርግና ጠዋትና ማታ ንከራት። ውሃው ከአገጯ አይለፍ፤ ጥለሃትም እንዳትሄድ። አፏን ፈልቅቀህ ደግሞ እንዳታጠጣት፣ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። ካልተሻላት መልሰህ አምጣት፤ በመርፌ እንሰጣታለን።»

«ትድናለች?»

«ትንሽ ናት እኮ። ትንሽ ነገር ቶሎ ይደርቃል። በቃ፣ ሞክር።»

ሞከርኩ። የውሃውን ሙቀት በክርኔ እየለካሁ ነከርኳት። ድንጋይ ነከርኩ ብል ይሻላል፤ ንቅንቅ አላለችም። በማግስቱም ያው። «አንቺ ልጅ፣ ለሄርሜላ ስትይ እንኳ ቅመሽው» እያልኩ ለመንኳት። እማዬ አኩርፋኛለች፤ እየፈተለች በጎን ታየናለች።

አንድ ጠዋት ውሃው ሲቀዘቅዝ ትኩስ ልጨምር ብዬ ብድግ አልኩ። «ብቻዋን አትተዋት ተብለህ የለም?» ብላ እማዬ እንዝርቷን አስቀምጣ ሳህኑ አጠገብ ቁጭ አለች። ማንቆርቆሪያውን ሳላነሳ ጩኸቷን ሰማሁ።

«ኖህ! ና! ኧረ ጠጣች!»

ሮጥኩ። ድንቡሼ አንገቷን መዝዛ አፍንጫዋን ውሃው ውስጥ ነክራለች፤ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ጠጣች፣ ጠጣች፣ ከዚያም ሽንቷን ለቀቀችና ውሃውን አደፈረሰችው። በሽንት እንዲህ እደሰታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም! እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። እልልታውን ሰምተው ጎረቤታችን ጋሼ ቤዛብሕ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ገቡ።

«ማን ወለደ?»

«ማንም አልወለደም» አለች እማዬ። «ልጄ ነው! እኔ ልገድላት ነበር፤ ልጄ አዳናት።»

እማዬ ለጎረቤት ስለ እኔ ስታወራ፣ እስከዛሬ የሰማሁት እሮሮ ብቻ ነው። ምን ልደብቅሽ፣ አለቀስኩ።

አሁን የጎደጎዱት ዓይኖቿ ሞልተዋል፤ እርጥብ ጎመን ሰጥተናት ሳንጨርስ ትጨርሰዋለች። ካርቶኗ አፈር ለብሷል፣ ሳህኗም ወደ ቦታው ተመልሷል። ለፋሲካ ስትመጪ እማዬ ገና ከበሩ «ስትጠጣ ያየኋት እኔ ነኝ» ብላ ትጀምርልሻለች። አታቋርጫት፣ እውነቷን ነው። ስትጨርስ ግን ዞር ብለሽ እኔን ጠይቂኝ።

በሰላም ግቢልን።

ድል አድራጊው ወንድምሽ፣
ኖህ
ጉለሌ