ልጄ ሳትፈርም የቀረችበት ቀን

ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዲላ

እኔ አባቷ እናገራለሁ፣ ልጄ ትዕግሥት ትጽፋለች። የዛሬው ስለ ራሷ ነውና አፍረሽ ቃሌን እንዳትቀንሺ ብያታለሁ።

ትዕግሥት ለዲላ ሆቴሎችና ቢሮዎች ኢንተርኔት ታከፋፍላለች። ከውጭ አገር የሚመጣውን መስመር የሚሸጥላት እስካሁን አንድ ድርጅት ብቻ ነበር። ዛሬ የአዲስ ድርጅት ሰው መጣ።

«መስመራችን ከባሕር ሥር ገመድ ተነስቶ በኬንያ አድርጎ በሞያሌ በኩል ይገባል፤ በርካሽ እንሰጥሻለን። ግን የቀድሞውን ትተሽ ዛሬውኑ ፈርሚ» አላት።

እስክሪብቶውን አነሳች።

«አንቺ!» አልኳት። «ኢዲዶ መንደር ሳለን የለቀምነውን ቀይ ቡና የሚገዛን አንድ ሰው ብቻ በነበረ ጊዜ ፀሐይ ላይ ያቆመን ነበር። ሁለተኛ ገዢ ሲመጣ ጊዜ ያው የፊተኛው አግዳሚ ወንበር አወጣልን። ሁላችን ወደ አዲሱ ብንገለበጥ ኖሮ አዲሱም ብቻውን ሲቀር ፀሐይ ላይ ያቆመን ነበር።»

ሰውዬው ሳቀ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ቡና አይደለም።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለህ?» አልኩት።

ትዕግሥት እስክሪብቶውን መለሰችለት። «ግማሹን ካንተ፣ ግማሹን ከእነሱ እወስዳለሁ። ካልሆነ ደህና ግባ» አለችው።

ለአለቃዬ ልደውል ብሎ ወጣ፤ እስካሁን አልተመለሰም። ይምጣ ይቅር አላውቅም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የፈረምኩት በጣቴ ነው፣ የሰጡኝ ወረቀት ላይ ሁሉ። ልጄ ግን መፈረምም፣ አለመፈረምም ታውቃለች።